ጎበዜ ያልጠጣው ኮሶ

አሰጋሽ ሰው ስታገኝ «እንዴት አደርክ» አትልም ነበር። «ሆድህ እንዴት አደረ?» ነው የሷ ሰላምታ። ከዘመሮ ወረድ ብሎ፣ የወንጭት ገደል አፋፍ ላይ ባለችው ቀዬ ይህን የማያውቅ ሰው የለም። ሆዱ ደህና ያላደረ ሰው ደግሞ ወዮለት! ምን እንደወጣው፣ ምን መልክ እንደነበረው፣ ቀጥኖ ይሁን ደርቆ፣ እንደ ችሎት ዳኛ አቁማ ትመረምረዋለች። የሚያፍር ከሆነ «ስታወጣው ያላፈርክ ሰውዬ ስትናገረው ታፍራለህ?» ትለዋለች።

ምቀኞቿ «የጓሮ ዳኛ» የሚል ስም አወጡላት። ስሙ ጆሮዋ ሲገባ ሳቀች አሉ። «ይሁና! የአደባባዮቹ ዳኞች ሁሉ ለጣሊያን ገቡ። እኔ የተረፍኩት ጓሮ ስለዋልኩ ነው» አለች።

ይህን ጠባይ ከእናቷ ማሕፀን ይዛው አልመጣችም። ልጅ ሳለች አባቷ ሆዳቸውን ያማቸው ነበር። አንድ ሰሞን ከጓሮ ሲመለሱ ግድግዳ መያዝ ጀመሩ፤ የሚወጣቸውም እንደ ኑግ ልጥልጥ የጠቆረ ሆነ። ጎረቤት ተሰበሰበና መከረ። አንዱ መጋኛ ነው አለ፣ አንዷ ቡዳ ነው አለች፣ በመጨረሻ ግን ሁሉም በአንድ ቃል «የከረመ የኮሶ ትል ነው፣ ደህና አድርገው ይጠጡ» ብለው ፈረዱ። አንድ ዋንጫ ሙሉ ኮሶ ተበጥብጦ በባዶ ሆዳቸው ተጋቱ። ፀሐይ አናት ሳትደርስ ደም አስታወኩ፤ በማግስቱ ተቀበሩ። ሰፈሩ «ቀናቸው ደርሶ ነው» አለ። አሰጋሽ ግን ያየችው ቀኑን ሳይሆን ዋንጫውን ነበር።

ካደገች በኋላ ያገባችው ጎበዜን ነው። ጎበዜ ለቁመቱ በር የማይበቃው፣ ጢሙ ከፊቱ ቀድሞ ቤት የሚገባ ሰው ነበር። ታዲያ ምን ያደርጋል፣ ያ ሁሉ ግዝፈት የተሠራው በአንድ ክፉ ጨጓራ ላይ ነው። ሲርበው ያቃጥለዋል፣ ሲበላ ይተወዋል፣ ቆይቶ ደግሞ ቂም እንደያዘ ሰው ይመለስበታል። እሱም በአረቄ ይቀጣዋል። ጨጓራው ይብስበታል፤ እሱ አረቄውን ይጨምራል። ማን ማንን እንደሚቀጣ የለየለት አልነበረም።

ጣሊያን መንዝ ከገባ ወዲህ ደግሞ ባሰበት። ከአርበኞቹ ጋር ቋጥኝ ላይ ተኝቶ መንገድ ሲጠብቅ ይውላል፤ ምሳው ደረቅ በሶ በበርበሬ ነው፣ ያውም ከተገኘ። የጣሊያን ጥይት ስቶት ስቶት ሰለቸው፤ የገዛ ሆዱ ግን አልሳተውም። በታኅሣሥ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከጓሮ ሲመለስ ካቡን ተደግፎ ቁጭ አለ። ግንባሩን ላብ አጥምቆታል።

አሰጋሽ አልጠየቀችውም። ቀጥ ብላ ወደ ጓሮ ሄደች። የጠቆረ፣ የሚያብለጨልጭ፣ እንደ ቅጥራን የሚጣበቅ፤ ሽታውም አናት የሚያዞር። አባቷ ሸተቷት።

ደግነቱ ያን ቀን ገብረ አማኑኤል ቀዬው ውስጥ ነበር። ከወረራው በፊት አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል ውስጥ የሕሙማን አስታማሚ ሆኖ የሠራ የአገር ልጅ ነው። አሁን ገደል ውስጥ ባለው ዋሻ የአርበኞቹን ቁስል ያጥባል፣ ያስራል። እግሩ የተመታ ሰው ሊያይ ወጥቶ ሳለ አሰጋሽ በጋቢው ጫፍ እየጎተተች አመጣችው።

ገብረ አማኑኤል የጎበዜን የታች ዓይን ቆብ በአውራ ጣቱ ዝቅ አድርጎ አየ፤ ቀይ መሆን የሚገባው እንደ ባዘቶ ነጥቷል። የእጁን አንጓ ይዞ የልቡን ምት አዳመጠ። «እስቲ ቀና በል» ሲለው ጎበዜ ቀና አለና ቤቱ ዞረበት።

«ደም እየፈሰሰው ነው» አለ።

«የታለ ደሙ?» አለ ጎበዜ፣ «አንድ ጠብታ ቀይ ነገር አላየሁም።»

«የማታየው ለዚያ ነው። ቁስሉ ጨጓራህ ላይ ነው። ደሙ ከዚያ ተነስቶ ያን ሁሉ አንጀት ዞሮ ታች እስኪደርስ በመንገድ ይበስላል፣ ይጠቁራል። ቀዩ ደም አብዛኛውን ጊዜ የቅርብ ነው፤ ከመቀመጫ አካባቢ የሚመጣ። ከላይ የፈሰሰ ደም ቀይ ሆኖ ታች ከደረሰማ እንደ ክረምት ወንዝ ሞልቶ ወርዷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ንስሐ አባትህን ጥራ። ቢያስታውክህና የጠላ አተላ ቢመስል እሱም ያው ደም ነው።»

አሰጋሽ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ እያንዳንዱን ቃል ትለቅማለች። «መድኃኒቱስ?»

«እኔ ዘንድ ያለው ፋሻና ጨው ነው። ለዚህ የሚሆን መድኃኒት ካለም ያለው ዘመሮ፣ የጣሊያን ምሽግ ውስጥ ነው። ገብቻለሁ ላለ ሰው ይሰጣሉ አሉ።»

«ለመድኃኒት ስል ከምገባ፣ ቁስሌን ይዤ አፈር ልግባ» አለ ጎበዜ።

«እንግዲያው ተኛ። ውሃ እንኳ ለመቅዳት እንዳትነሳ። አረቄ የለም፣ በርበሬ የለም፣ ቆሎ የለም። ሆድህን ባዶውን አታውለው። ቀዝቃዛ ወተት ፉት ፉት እያልክ…»

«ጾም ነው።»

«ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያኗ ራሷ ትፈታለች።»

«እኔ አልፈታም።»

«የተጠለለ ተልባ ይሁን እንግዲያ። ከሁሉም ከሁሉም ግን ኮሶ እንዳትነካ። ኮሶ ሆድን እንደ ስልቻ ነው የሚገለብጠው፤ የቆሰለውን ይዘረግፈዋል።» ከዚያ ወደ አሰጋሽ ዞረ። «ሲነሳ ካዞረው፣ እጁ ከቀዘቀዘ፣ ልቡ ከሮጠ፣ ገና እየፈሰሰ ነው። የሚወጣው መልኩ ተመልሶ እንደ ሰው እስኪሆን ድረስ አትመኚው።»

ገብረ አማኑኤል ከወጣ በኋላ ጎበዜ ጣራ ጣራውን እያየ ተከዘ። «አረቄ የለም፣ በርበሬ የለም። ምን ቀረልኝ ታዲያ?»

«እኔ አለሁ» አለች አሰጋሽ።

«አንቺማ በርበሬው ነሽ።»

በዚያው ሳምንት ከምሽጉ ትእዛዝ መጣ። ይዞት የመጣው ወሰኔ ነው። ወሰኔ የዚያችው ቀዬ ልጅ ነበር፤ ከአንድ ምንጭ ውሃ የጠጣ፣ በአንድ አውድማ ያበራየ። ጣሊያን ሲገባ ቀድሞ ገባና የግራዝማችነት ማዕረግ ተሰጠው። ከዚያ ወዲህ እናቱ እንኳ «ልጄ» ስትለው ይቆጣል ይባላል። ትእዛዙም ይህ ነበር፤ ማክሰኞ ወንድ የተባለ ሁሉ መሣሪያውን ይዞ ምሽጉ ድረስ ይምጣ፣ መሣሪያውን ያስረክብ፣ ከዚያም ለመኪና መንገዱ ድንጋይ ይሸከም። የቀረ እንደ ሽፍታ ይቆጠራል።

የሰፈሩ ሰው ከጥድ ሥር ተሰበሰበ። መሣሪያ ማስረከብ የሚባል ነገር ያነሳ እንኳ አልነበረም። ሐሳቡ ሴቱን ከብቱን ይዞ ገደል መውረድ ነው። ችግሩ ገብሱ ነው። አውድማ ላይ ተከምሯል፤ ተወቅቶ ጉድጓድ ካልገባ ገደል ውስጥ የሚበላ የለም። ማክሰኞን አንድ ሰበብ ፈልገው ማሳለፍ አለባቸው።

ያን ጊዜ አባ ወልደ ጻድቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አባ የደብሩ ቄስ ናቸው፤ ሲናገሩ ዝግ ይላሉ፣ ሲስቁ ማንም አይቷቸው አያውቅም። «ኮሶ የጠጣን ሰው» አሉ፣ «ዳኛ አይጠራውም፣ ባለዕዳ አይጠይቀውም፣ ንጉሥም አያዘምተውም። የአባቶቻችን ሕግ ነው። ወሰኔም ያውቀዋል።»

ሸንጎው በሳቅ ፈነዳ። «ጠጥተናል እንበላ! ማን ሆዳችንን ከፍቶ ያያል?»

«የለም!» አሉ አባ። «ውሸት ለጠላትም ቢሆን ውሸት ነው። በአፈ ካህን ሐሰት አይወጣም። እንጠጣለን። እኔም እጠጣለሁ።»

ሳቁ ወዲያው ጠፋ። ሰው ለአገሩ ሊሞት ይምላል፤ ለአገሩ ኮሶ ልጠጣ ብሎ የማለ ግን እስከዚያ ቀን አልነበረም።

ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ እንደየቤቱ ሁሉ ለጎበዜም ድርሻው መጣ፣ በዋንጫ። ጎበዜ ከመደቡ ሆኖ እጁን ዘረጋ።

«ወዲያ በል» አለች አሰጋሽ።

«አሰጋሽ፣ ሰፈሩ ሁሉ ጠጥቶ እኔ ብቻ ልቅር? ነገ ‹ጎበዜ ኮሶ ፈራ› ሲባል የምትሰሚው በየትኛው ጆሮሽ ነው?»

«‹ጎበዜ ሞተ› ሲባል ከምሰማ ያንን በየትኛውም ጆሮዬ እሰማዋለሁ።»

«እኔ ባልሽ ነኝ!»

«ባሌ ሆነህ እንድትቆይ ነው!» አለችና ዋንጫውን ይዛ ወጥታ ጎመኑ ላይ ገለበጠችው። ያን ዓመት የአሰጋሽን ጎመን ትል ዝር አላለውም ይላሉ።

ረፋዱ ላይ ወሰኔ መጣ። ከጎኑ በበቅሎ የተቀመጠ የጣሊያን መኮንን፣ ከኋላው ባንዳዎቹና አስተርጓሚው። መንደሩ ሲደርሱ አደባባዩ ላይ አንድ ወንድ የለም። ወሰኔ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሰው ስም ጠራ።

«ኮሶ ጠጥቻለሁ!» የሚል ድምፅ ከካብ ጀርባ መጣ።

ሌላ ጠራ። «ኮሶ ላይ ነኝ!» አለ ቁጥቋጦው።

ሦስተኛውን ሊጠራ ሲል ከግራ ከቀኝ፣ ከጥድ ሥር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ፣ ከየገደላገደሉ «እኔም! እኔም!» የሚል ጩኸት ተነሣ። መኮንኑ ግራ ገብቶት በቅሎውን አቆመ። አስተርጓሚው ምን ብሎ እንደሚያስረዳው ጨንቆት በእጁ ሆዱን እያሳየ ሲንተባተብ ወሰኔ ፊቱ ቀላ። ኮሶ የጠጣን ሰው ከጓሮው አስነሥቶ ቢነዳ ስሙ እስከ ቀየት፣ እስከ ራቤል መሳቂያ እንደሚሆን ያውቃል። ግን ሞኝ አልነበረም። የአባን ጠባይም ያውቃል።

«አባ ወልደ ጻድቅ!» አለ ወደ አንድ ካብ ዞሮ፣ «እርስዎ አይዋሹም። ወንዱ በሙሉ ጠጥቷል?»

አባ ዝም አሉ። በዚያ አገር የካህን ዝምታ ከአዋጅ ይበልጥ ይጮኻል።

ወሰኔ ዓይኑን በየጓሮው አዙሮ የጎደለው ማን እንደሆነ ለየ። እየሮጠ የጎበዜ ቤት ገባ፤ ሁለት ባንዳዎች ተከተሉት። ጎበዜ መደቡ ላይ ዝተት ለብሶ ተኝቷል፤ ከንፈሩና ፊቱ አንድ ቀለም ሆነዋል።

«አንተ ጎበዜ! ኮሶ ካልጠጣህ ተነሥና መሣሪያህን ይዘህ ሂድ። አልሄድም ካልክ እንደ ጓደኞችህ እዚሁ ፊቴ ትጠጣለህ!»

ሁለቱም መንገድ የሚያደርሰው አንድ ቦታ እንደሆነ አሰጋሽ ታውቃለች። ዘመሮ ድረስ ከሄደ ዳገቱን ሳያጋምስ ይወድቃል፤ ከጠጣ ደግሞ እንደ አባቷ ነው። ከሁሉ ያስፈራት ግን ወሰኔ አልነበረም። ያስፈራት ባሏ ነው፤ ክርኑን ተመርኩዞ ሊነሣ እየታገለ «አምጡት! በወሰኔ ፊት ፈሪ አልባልም፣ ጠጥቼ አሳየዋለሁ!» ይላል።

አንዱ ባንዳ ከጎረቤት የተረፈ ኮሶ በዋንጫ ይዞ መጣ። ወሰኔ ተቀበለው። ነገሩን የሰማ ሁሉ በሩ ላይ ተሰበሰበ፤ ሴቶቹ ወደ ፊት፣ ወንዶቹ ከኋላ፣ ቁምጣቸውን በአንድ እጅ እንደያዙ፣ ለመቆምም ለመሮጥም ዝግጁ ሆነው።

አሰጋሽ ደጃፉን ይዛ ቆመች።

«ወሰኔ!»

«ግራዝማች በዪ!»

«እሱን የሰጠህ ሰው ይበልህ። እኔ ንፍጥህን እያዝረከረክህ ነው የማውቅህ። አሁን ስማኝ። ያን ዋንጫ ለማንም እንዳትሰጥ። በገዛ እጅህ አጠጣው። እኔ አልከለክልህም።»

ወሰኔ ይህን አልጠበቀም።

አሰጋሽ ወደ ሕዝቡ ዞረች። «ያገሬ ሰዎች! ምስክር ሁኑኝ! ይህ ሰው ሆዱ ውስጥ ይደማል። ይኸው!» የጎበዜን ዓይን ቆብ ዝቅ አድርጋ አሳየች። «ባዘቶ ነው፤ ደም የለበትም። ደሙ የት ሄደ ብትሉ፣ ይኸው!» ከመደቡ ሥር ቅጠል የተከደነበት ገል አወጣችና ገለጠችው። ቤቱን ሽታው ሞላው፤ ባንዳዎቹ አፍንጫቸውን ያዙ። «አባቴ እንዲህ ሆነው ሳለ ኮሶ ጠጥተው ሞቱ። ወሰኔ፣ አንተም ልጅ ሆነህ ቀብሩ ላይ ነበርክ። ያን ጊዜ ማንም አላወቀም፤ ማንንም አልከሰስኩም። ዛሬ ግን በሰው ፊት ነግሬሃለሁ። ነግረውት ያጠጣ ገዳይ ነው! ጎበዜ ወንድሞች አሉት። የወንድሞቹ ልጆች አሉት። ጣሊያን ቢውል ቢያድር ወደ አገሩ ይገባል። ደም ግን አገሩ እዚሁ ነው!»

«ሰምቻለሁ!» አሉ አባ ወልደ ጻድቅ ከውጭ። በአንድ እጃቸው መስቀላቸውን፣ በአንድ እጃቸው መቀነታቸውን ይዘዋል።

«እኔም ሰምቻለሁ!»

«እኔም!»

ወዲያው መሮጥ ግድ የሆነበት አንዱ እንኳ እየሮጠ «እኔም!» አለ።

ወሰኔ ዋንጫውን አየ። ጎበዜን አየ። በሩ ላይ የቆሙትን ፊቶች አንድ በአንድ አየ፤ ሁሉንም በስማቸው ያውቃቸዋል፣ እነሱም የእሱን ልጆች በስማቸው ያውቃሉ።

«ጎበዜ» አለች አሰጋሽ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ዓይኗን ከወሰኔ ሳትነቅል፣ «አንተም ራስህ አንሥተህ ብትጠጣው ገዳይህን ነጻ አወጣኸው። ተኛ።»

ጎበዜ የተመረኮዘበትን ክርን አጥፎ ተመልሶ ተኛ።

መኮንኑ ከበቅሎው ወርዶ በሰዉ መሐል ሰብሮ ገባ። ምን እንደሆነ ጠየቀ። ማንም ሳይቀድማት አሰጋሽ ገሉን አንሥታ አፍንጫው ሥር አስጠጋችለት። ሰውዬው እንደተነደፈ ወደ ኋላ ፈነጠረ፤ መሐረብ ከኪሱ አወጣ፣ አፉን ሸፈነ፣ አንድ ነገር ጮኸ።

«ስንት ሰው እንዲህ ሆኗል ይላል» አለ አስተርጓሚው።

«ዓይን የለውም? ወጥቶ ይይ!» አለች አሰጋሽ።

መኮንኑ ወጥቶ አየ። ከካቡ ጀርባ ሰው፣ ከቁጥቋጦው ሥር ሰው፣ ሁሉም ሆዱን ይዞ፣ ሁሉም ግንባሩ በላብ ርሶ። ከዚያ ወዲህ ማንንም አልጠየቀም፤ ማንም አልዋሸውም። በቅሎው ላይ ወጥቶ ሰፈሩን የለቀቀበት ፍጥነት እስከ ዛሬ ይወራል። ባንዳዎቹም የወረርሽኝ ወሬ በጆሯቸው ሳይሆን በእግራቸው የገባ ይመስል ተከተሉት።

ወሰኔ ግን እውነቱን ያውቃል። አንድ ቃል ቢናገር ይመልሳቸው ነበር። አልተናገረም። ዋንጫውን የበሩ ደፍ ላይ አስቀምጦ «ተመልሼ እመጣለሁ» አለ ብቻ።

«ይህን ጠጥተህ ሂድ እንጂ!» አለችው አሰጋሽ። «ለሆዱ ላደረ ሰው ነው ኮሶ የሚያስፈልገው!»

ገብሱ ተወቃ። በባዶ ሆድ፣ እየተሳደቡም እየሳቁም ወቁት። እህሉ ጉድጓድ ገባ፣ ሰዉ ከነከብቱ ወንጭት ወረደ። ጎበዜን በቃሬዛ አወረዱት፤ መንገዱን ሙሉ «አቁሙኝ፣ በእግሬ እሄዳለሁ» ሲል አሰጋሽ ከጎኑ እየሄደች አንጓውን ይዛ የልቡን ሩጫ ታዳምጣለች። «አንተ በእግርህ ከመሄድህ በፊት ልብህ እየሮጠልህ ነው፤ ዝም ብለህ ተኛ» ትለዋለች።

ወሰኔ እንዳለውም ተመለሰ። ሰው ሲያጣ ቤቶቹን አቃጠለ። ጭሱ ከገደሉ በላይ ሲወጣ ዋሻው ውስጥ የነበሩት ሴቶች አለቀሱ። አሰጋሽ ተልባ ታጠልል ነበር፤ ቀና ብላ አየችና ሥራዋን ቀጠለች። «የጣራውን ሣር ነው ያቃጠሉት» አለች። «ግድግዳው የመንዝ ድንጋይ ነው። ድንጋይ ሲቃጠል ያየ አለ? ጎበዜ፣ ጠጣ!»

ቀናቱ አለፉ። ገብረ አማኑኤል በመጣ ቁጥር የጎበዜን የዓይን ቆብ ያያል፣ «ገና ነው» ብሎ ይሄዳል። አሰጋሽ በየጠዋቱ ከቋጥኙ ጀርባ ትሄዳለች፤ ጥቁር። አሁንም ጥቁር። እንቅልፏ ጠፋ፣ ቀልዷ ግን አልጠፋም፤ ለሌላው ሰው ሳይሆን ለራሷ ነበር የምትቀልደው።

ከዚያ አንድ ጠዋት፣ ስለ ሆዱ ሲጠየቅ ያፍር የነበረው ጎበዜ ከቋጥኙ ጀርባ ሆኖ ራሱ ተጣራ። «አሰጋሽ! እስቲ ነይና እዪልኝ!»

ሄደች። ጎንበስ ብላ አየች። መልኩ ተመልሷል፤ የማንም ገበሬ፣ የማንም ደህና ሰው። አንዴ ዞራ እንደገና አየች፣ እንዳልተታለለች አረጋገጠች። ከዚያ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ገደሉ እስኪያስተጋባ እልልታዋን አቀለጠችው።

አፋፉ ላይ ዘብ የቆሙት አርበኞች ጠመንጃ አንሥተው ተንደርድረው ወረዱ። «ምንድን ነው? ምሽጉ ተሰበረ?»

«የጎበዜ ደም ቆመ!»

የዘቡ አለቃ ነገሩ ሲገባው ተናደደ። «ሴትዮ፣ በዓይነ ምድር እልል ይባላል? ያለንበትን ለጣሊያን ልትነግሪ ነው?»

«አንተ የጣሊያን ደም ሲፈስ እልል ትል የለም? እኔ ደግሞ የባሌ ደም ሲቆም እላለሁ! ጣሊያንም ይስማ፣ ወሰኔም ይስማ!» አለችና፣ አለቃው አፏን ሊይዝ እጁን እየዘረጋ ሳለ፣ እልልታውን ደገመችው።